በውጭ አገር አሠሪ ተቀጥሮ በአገር ቤት የሚሠራ ሰው የግብር ግዴታ

ሐይቅ፦ በደቡብ ወሎ ዞን የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ የሆነችው ሐይቅ በርካታ ልጆቿን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ልካለች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተመልሰው ለረጅም ጊዜ ሲቆዩ፣ በኢንተርኔት አማካይነት ውጭ ላለ አሠሪ መሥራታቸውን መቀጠል ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ግብሩ ለየትኛው አገር ይከፈላል የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

መልሱ ከዜግነት ወይም ከቪዛ ዓይነት ሳይሆን ከነዋሪነት ይጀምራል። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መደበኛ መኖሪያው በኢትዮጵያ የሆነን ሰው፣ እንዲሁም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያለማቋረጥ ወይም በመመላለስ ከ183 ቀናት በላይ በአገር ውስጥ የቆየን ሰው ነዋሪ ያደርገዋል። መስከረም 1 ቀን የገባና ያልወጣ ሰው መጋቢት 4 ቀን ገደቡን ያልፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 120 ቀናት ቆይቶ የሄደና ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 90 ቀናት ለመቆየት የተመለሰ ሰውም 210 ቀናት ስለሚሞላ ነዋሪ ይሆናል። ነዋሪ በዓለም ዙሪያ ከሚያገኘው ገቢ፣ ነዋሪ ያልሆነ ደግሞ ምንጩ ኢትዮጵያ ከሆነ ገቢ ብቻ ግብር ይከፍላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በገቢው ምንጭ ላይ ነው። በአዋጁ መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ምንጩ የሚወሰነው ሥራው በተከናወነበት ቦታ እንጂ ክፍያው በተፈጸመበት ቦታ አይደለም። ስለዚህ ሐይቅ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ደመወዙ ሎንዶን ባለ ባንክ ቢገባም ገቢው የኢትዮጵያ ነው። በአንጻሩ የኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ደመወዝ ሥራው የትም ይከናወን ምንጩ ኢትዮጵያ እንደሆነ ይቆጠራል። በውጭ አገር የተመደቡ ዲፕሎማቶችም ነዋሪነታቸው አይቋረጥም።

ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚያገኙት መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ከመግቢያ ቪዛ፣ ከመኖሪያ ፈቃድና ከሥራ ፈቃድ ነፃ ያደርጋል። ይሁንና ከ183 ቀናቱ ቆጠራ አያድንም።

የገንዘቡ መጠንም ቀላል አይደለም። በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የደመወዝ ገቢ ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዚህ ስሌት ወርሃዊ ደመወዙ በብር ሲመነዘር 60,000 የሆነ ሰው 18,950 ብር ግብር ይደርስበታል። አሠሪው በአገር ውስጥ ስለሌለ ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀር የለም፤ ማስታወቅና መክፈል የሠራተኛው ኃላፊነት ይሆናል። ሳያውቅ የቆየ ሰው ውዝፍ ግብር፣ ወለድና ቅጣት በአንድ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል።

የሌሎች አገሮች ሕግም መታየት ይኖርበታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በግለሰብ ደመወዝ ላይ ግብር አይጥሉም። አሜሪካ ግን ዜጎቿ የትም ቢኖሩ ገቢያቸውን እንዲያስታውቁ ታስገድዳለች፤ ሆኖም መስፈርቱን ለሚያሟሉ በ2025 እስከ 130,000 ዶላር የሚደርስ በውጭ አገር ሠርተው ያገኙትን ገቢ ከግብር ነፃ ታደርጋለች። ኢትዮጵያ ከብሪታንያ፣ ከጣሊያን፣ ከእስራኤልና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀሩ ስምምነቶች ስላሏት፣ ከእነዚህ አገሮች የመጣ ሰው ጉዳይ በየስምምነቱ ይመረመራል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል መንግሥትና የግል ድርጅቶች ሠራተኞች የገቢ ግብር የክልሎች ሥልጣን ነው። በመሆኑም ጥያቄው በቅድሚያ የሚቀርበው ለወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል። ባለሙያው መታወቂያ ከመመልከት ባሻገር በፓስፖርት ላይ ያሉትን የመግቢያና የመውጫ ማኅተሞች በቀን ቆጥሮ፣ የቅጥር ውሉንና የደመወዝ ማስረጃውን ማገናዘብ ይጠበቅበታል። ባለጉዳዩም እነዚህን ሰነዶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢያስቀምጥ፣ በኋላ የሚነሳበትን ክርክር በማስረጃ ለመመለስ ይችላል።