የቫንክል ሞተር ብልሽት ስያሜዎች፦ ፍችና አጠቃቀም

የቴክኒክ ጽሑፍ ተርጓሚ ለሙያዊ ቃል አቻ ከመፈለጉ በፊት፣ ቃሉ የሚሰይመው ነገር ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይኖርበታል። ይህ ሳይሆን ሲቀር ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ባለመኪናው ሊድን የሚችለውን ሞተር እንዲጥል፣ ወይም የማያዋጣውን ተሸክሞ እንዲቆይ ያደርገዋል። የቫንክል ሞተር የብልሽት ቃላት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ስለሆኑ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመለከታቸዋለን።

በመጀመሪያ የሞተሩን ስም እንመልከት። «ዟሪ ሞተር» የሚለው ቀጥተኛ ትርጉም አሻሚ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአውሮፕላኖች ላይ የነበሩ፣ ሲሊንደሮቻቸው ጭምር የሚሽከረከሩ ሞተሮችም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበርና። ስለሆነም በጀርመናዊው ፈልሳፊ በፌሊክስ ቫንክል ስም «የቫንክል ሞተር» ማለትን እንመርጣለን። ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1957 በኤንኤስዩ ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞከረ፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮም ማዝዳ በመኪናዎቹ ላይ አዋለው።

ይህ ሞተር ፒስተን የለውም። በፒስተን ፈንታ ሦስት ጫፎች ያሉት ሮተር፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። የሮተሩ ሦስት ፊቶች ከቤቱ ግድግዳ ጋር ሦስት ክፍሎች ይፈጥራሉ። ክፍሎቹን አንዱን ከሌላው የሚለዩት በጫፎቹ ላይ የሚሰኩ ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። የእንግሊዝኛ ስማቸው «ሲል» የሚል ቃል ስላለበት «ማኅተም» ብሎ መተርጎም ፍችውን ያጠፋል። የጋራዡን «ጓርኒሲዮን» መዋስም አያስኬድም፤ ጓርኒሲዮን የሚገባው በማይንቀሳቀሱ ሁለት ገጾች መካከል ነው። በሥራው የሚቀርባቸው የፒስተን «ፋሻ» ነው፤ ነገር ግን ፋሻ ክብ ነው። እኛ «የጫፍ ማገጃ» እንላቸዋለን፤ በሮተሩ ጎን ያሉትን «የጎን ማገጃ»፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ከማቃጠያው ክፍል የሚለዩትን ደግሞ «የውሃ ማገጃ»።

የስያሜው ጥቅም በምርመራ ጊዜ ይታያል። የጫፍ ማገጃ ሲሰበር በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ክፍሎች የእመቃ ግፊት ያጣሉ፤ የጎን ማገጃ ሲያልቅ ግን የሚደክመው አንዱ ክፍል ነው። የውሃ ማገጃ ሲያፈስ ውሃው ይጎድላል፤ ሞተሩ ሲነሣም ነጭ ጭስ ይታያል። ሦስቱንም «ማኅተሙ ተበላሽቷል» ብሎ የተረጎመ ምንም አልነገረንም።

«ዘይት ይበላል» የሚለው አነጋገርም ጥንቃቄ ይሻል። በፒስተን ሞተር የብልሽት ምልክት ነው። በቫንክል ሞተር ግን ማገጃዎቹን ለማለስለስ ዘይት ሆን ተብሎ ወደ ውስጥ ስለሚላክ፣ መጠነኛ ፍጆታ የጤንነት ነው። እንዲሁም ቤንዚን በዝቶበት አልነሣ ያለ ሞተር ዘይቱ ስለሚታጠብ ግፊቱ ለጊዜው ይወርዳል፤ በዚህ ብቻ «አልቋል» አይባልም።

ፍርዱን የሚሰጠው ልኬት ነው። ለፒስተን የተሠራው መለኪያ ከሦስቱ ክፍሎች ትልቁን ግፊት ብቻ ስለሚይዝ አይበቃም፤ ሦስቱንም ለየብቻ የሚያነብ መለኪያ ያስፈልጋል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ላመረተው አርኤክስ-8፣ በደቂቃ 250 ዙር ሲለካ ዝቅተኛው ልክ 680 ኪሎፓስካል፣ በአንድ ሮተር ክፍሎች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 150 ኪሎፓስካል ነው።

ግፊቱ ልኩን ከጠበቀ ጥፋቱ በካንዴላ፣ በኮይል ወይም በሞቶሪኖ ሊሆን ይችላል። ይህ «ጥገና» ነው፤ መኪናውም ይያዛል። ከልኩ ከወረደ ግን ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት። ይህ «እድሳት» ነው፤ ባለቤቱም ወጪውን ከመኪናው ዋጋና ከአካሉ ደኅንነት ጋር ማመዛዘን ይኖርበታል። ሁለቱን ቃላት ያቀላቀለ ተርጓሚ፣ የመያዝና የመሸጥን ውሳኔ ከባለቤቱ እጅ ነጠቀ ማለት ነው።