በሌላ ስም ማዘዝ፦ ሱዶን በአማና መጠቀም



ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የአምባሰሏን ውጫሌ ሁላችንም በታሪክ ትምህርት እናውቃታለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ፣ አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መነጋገር ይችላሉ ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። በሌላው ስም ማን፣ እስከ ምን ድረስ መሥራት ይችላል የሚለው ክርክር መጨረሻው ዐድዋ ሆነ። ይኸው ጥያቄ ዛሬ በኮምፒውተር ላብራቶሪያችንም በየቀኑ ይነሳል።

ሊኑክስና ሌሎች የዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓቶች ለብዙ ተጠቃሚ የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ፋይልና የራሱ ፈቃድ አለው። ከሁሉም በላይ ግን «ሩት» የሚባል ተጠቃሚ አለ፤ የማንንም ፋይል ማንበብ፣ መቀየርና ማጥፋት ይችላል።

የሌላ ተጠቃሚ ሥልጣን ሲያስፈልገን የተለመዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ኤስ-ዩ» የተባለው ትእዛዝ ሲሆን የዚያኑ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። አምስት ተማሪዎች አንድ ሰርቨር ቢያስተዳድሩ አምስቱም የሩትን የይለፍ ቃል ሊያውቁ ነው። ፋይል ቢጠፋ ማን እንዳጠፋው መለየት ያስቸግራል። አንዱ ተመርቆ ሲሄድም የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ለቀሩት እንደገና መንገር ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው «ሱዶ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በአሜሪካ፣ በቡፋሎ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተጻፈ። ሱዶ በተለምዶ የሚጠይቀው የራሳችሁን የይለፍ ቃል ነው። «ሱዶወርስ» በተባለው ፋይል ውስጥ ተፈቅዶላችሁ እንደሆነ አይቶ ትእዛዙን ያስኬዳል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘም ይመዘግባል።

ብዙዎች ሱዶ ሩት ለመሆን ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል። ለምሳሌ ኡቡንቱ ላይ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ስንጭን፣ በዚሁ ስም አንድ ተጠቃሚ ይፈጠራል። አዲስ ዳታቤዝ ለመክፈት ሩት መሆን አያስፈልግም፤ በሱዶ «ዩ» አማራጭ የዚህን ተጠቃሚ ስም ጠቅሶ ማዘዝ ይበቃል። ብንሳሳት ጉዳቱ ያ ተጠቃሚ ሊነካው ከሚችለው አያልፍም፤ የቀረው ሰርቨር ይተርፋል።

ፈቃድ ስንሰጥ ግን እንጠንቀቅ። አንድ ጓደኛችን አንዲት ፋይል ብቻ እንዲያስተካክል ብለን «ቪም» የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ በሩት ስም ብንፈቅድለት፣ ከቪም ሳይወጣ ሼል መክፈት ይችላል፤ ያ ሼል ደግሞ የሩት ነው። ልክ እንደ 17ኛው አንቀጽ፣ ትንሽ የመሰለው ፈቃድ ሙሉ ሥልጣን ሆኖ ያርፋል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው «ሱዶኤዲት» ነው፤ የፋይሉን ቅጂ በጓደኛችን በራሱ ስም ይከፍትለትና ሲጨርስ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

የሱዶወርስ ፋይልንም በ«ቪሱዶ» ብቻ አስተካክሉ፤ ከማስቀመጡ በፊት ስሕተት ካለ ያሳያችኋል። ሱዶንም አድሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ይፋ የሆነው የሱዶ ቀዳዳ ወደ አሥር ዓመት ሳይታወቅ የቆየ ሲሆን፣ በማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው ፈቃድ ባይኖረውም ሩት እንዲሆን ያስችል ነበር።

ከቴሌግራም የተቀዳ ትእዛዝ ፊት ሱዶ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ትእዛዙ ምን ይሠራል? በማን ስም ይሠራል? ከዚያ ያነሰ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ አይበቃም ወይ? በጋራ ሰርቨር ላይ የጓደኞቻችሁ የመመረቂያ ሥራ አለ፤ እሱም አማና ነው።