በብርጭቆ የማይቆጠር ውኃ

«በቀን ስምንት ብርጭቆ ውኃ ጠጡ» የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። ሰውነታችን ግን ብርጭቆ አይቆጥርም። አጥብቆ የሚጠብቀው የውኃውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ውኃው ከጨው ጋር ያለውን ምጣኔ ነው። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ሶዲየም ይገኛል። ይህ መጠን በመቶ አንድ ወይም ሁለት እንኳ ከፍ ቢል አንጎል ያውቃል፤ ጥማት ይቀሰቅሳል፤ ከግርጌው ባለችው ትንሽ ዕጢ በኩልም ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርቶ በሽንት የሚያስወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ የተረፈውን ወደ ደም ይመልሳል። ውኃ ሲበዛ ደግሞ ሆርሞኑ ይቀንስና ሽንት ይቀጥናል። እንዲህ ያለ ንቁ ዘበኛ ላለው ጤናማ ሰው የብርጭቆ ሕግ ብዙም አይጨምርለትም ባይ ነኝ።

«ውኃ ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶው ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ችግሩን ከሁሉ በላይ ያመለከተው በሩጫው ወቅት ክብደት መጨመር ነበር፤ ማለትም በላብ ካጡት በላይ ጠጥተዋል። በረጅም ሩጫ ጊዜ ውኃ ቆጣቢው ሆርሞን መለቀቁን ስለማያቆም ኩላሊት ትርፉን ቶሎ አያስወጣም። ደም ሲቀጥን ውኃው ወደ ሕዋሳት ይገባል። ሌላው አካል እብጠቱን ይችለው ይሆናል፤ በራስ ቅል የታጠረው አንጎል ግን መስፊያ ስለሌለው ሰውየው ይደናገራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል። የስፖርት መጠጥም አያድንም፤ በውስጡ ያለው ሶዲየም በደም ካለው እጅግ ያነሰ ነውና (ማስታወቂያው ይህን አይነግረንም)።

ከብርጭቆ ቁጥር ይልቅ ጥማትን እንመን ባይ ነኝ፤ ይህን ስል ግን ለሁሉም ማለቴ አይደለም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የጥማት ስሜታቸው ስለሚደክም ሳይጠማቸውም መጠጣት አለባቸው፤ የኩላሊት ጠጠር ያለበትም ሐኪም ብዙ እንዲጠጣ ያዘዋል። ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ተቅማጥ ነው፤ እዚህ ላይ ውኃ መተካት የግድ ነው። ቢሆንም ውኃ ብቻውን አይበቃም፤ ከፈሳሹ ጋር ሶዲየምና ፖታሲየምም ይወጣሉና። የአንጀት ግድግዳ ሶዲየምን ከግሉኮስ ጋር አጣምሮ ያስገባል፣ ውኃም ተከትሏቸው ይገባል። ኮሌራ እንኳ ይህን በር አይዘጋውም።

ይህ ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ1971 ተፈተነ። በባንግላዴሽ ጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች በሕንድ ቦንጋኦን ከተማ በኮሌራ ሲረግፉ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በአንድ ሊትር ውኃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት አስበጥብጠው ቤተሰብ ለታማሚው በኩባያ እንዲያጠጣ አደረጉ። እስከ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ለስላሳ መጠጥ ግን ይህን አይተካም፤ ስኳሩ ስለሚበዛ ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል።

ስለዚህ ልጅዎ ሲያስቀምጠው ኦ.አር.ኤስ (በፓኬት የሚገኘውን የግሉኮስና የጨው ድብልቅ) ይስጡት። አንድ ሊትር የሚለውን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥብጡ፤ አያቅጥኑት፣ ስኳርም አይጨምሩበት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።