ዓሣዋ ከመምጣቷ በፊት ቤቷን እንለካ

ውድ አንባቢ፣ ልጅዎ “ዓሣ ግዙልኝ” ብሎ አስቸግሮዎት ያውቃል? እኛ ቤት ይህ ጥያቄ የመጣው የሰባት ዓመቷ ልጃችን ከጓደኛዋ ልደት በተመለሰች ማግስት ነበር። ውሻ ይጮኻል፣ ድመት ትቧጭራለች፤ ዓሣ ግን ምን ታስቸግራለች? እንዲህ ብለን ብዙዎቻችን ጎልድ ፊሽ የምንላትን ወርቃማ ዓሣ ከክብ የመስታወት ዕቃዋ ጋር ገዝተን ወደ ሸጎሌ ይዘናት መጣን። ዕቃው አምስት ሊትር ያህል ይይዛል። ሻጩም “ይበቃታል” አለን።

በሁለተኛው ሳምንት ዓሣዋ ወደ ውኃው ጫፍ እየወጣች አፏን ትከፍትና ትዘጋ ጀመር። ልጄ “እማዬ፣ እያወራችኝ ነው” ስትለኝ አብሬያት ሳቅሁ። ለካስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሞታ አገኘናት። ልጄ “ምን አድርጌያት ነው?” ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ጥፋቱ የእኛ የወላጆቿ እንጂ የእሷ አልነበረም። ይህን የምጽፍልዎት በእርስዎ ቤት ያ ጥያቄ እንዳይጠየቅ ነው።

ትንሽ ዕቃ ለምን ይጎዳል?

ዓሣ የምትተነፍስበትም የምትጸዳዳበትም ውኃ አንድ ነው። ከሰውነቷ የሚወጣው አሞኒያ ሲጠራቀም መተንፈሻዋን ያቃጥላል። አንድ ማንኪያ ጨው በአንድ ስኒ ሻይና በአንድ ትልቅ ድስት ወጥ ውስጥ እኩል ይጣፍጣል? የአንዲት ዓሣ ቆሻሻም በ5 ሊትር ውኃ ውስጥ በ100 ሊትር ካለው ሃያ እጥፍ ይበረታል።

የአየሩም ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ውኃችን በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። አየር ወደ ውኃ የሚገባው ደግሞ በላዩ ገጽ ነው። ክብ ዕቃ አፉ ጠባብ ነው፤ እስከ አፉ ሲሞላ ገጹ ይብሱን ያንሳል። የሮም ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ዓሣን በክብ ዕቃ ማስቀመጥን እስከ መከልከል ደርሷል።

“ዓሣ በዕቃዋ ልክ ታድጋለች” የሚለውን አባባል አይመኑ። በጠባብ ዕቃ የቀጨጨች ዓሣ የታመመች ዓሣ ናት። በሱቅ የምናያት የጣት ርዝመት ያላት ዓሣ ገና ሕፃን ናት። ባለ አንድ ጅራቷ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ ትችላለች፤ ሆዷ ክብ፣ ጅራቷ ድርብ የሆነችው ከዚያ ታንሳለች። በደህና ከተያዘች ከ10 እስከ 20 ዓመት ትኖራለች። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 የሞተች አንዲት ወርቃማ ዓሣ 43 ዓመት ኖራለች። እንግዲህ ዛሬ የሚገዟት ዓሣ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በቤትዎ ልትኖር ትችላለች ማለት ነው።

ታዲያ ምን ያህል ይበቃል?

1. መጠኑ። ለአንዲት ባለ ድርብ ጅራት ዓሣ ቢያንስ 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዷ ተጨማሪ ዓሣ ደግሞ 40 ሊትር ያህል ያስቡ። ባለ አንድ ጅራቷ ስታድግ ከ150 ሊትር በላይ ወይም የግቢ ኩሬ ትፈልጋለች።

2. ቅርጹ። ከረጅም ይልቅ ሰፊ ይምረጡ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የውኃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ1,000 ሲያካፍሉ ሊትሩን ያገኛሉ። ለምሳሌ 80 በ35 በ36 ሲሆን 100 ሊትር ያህል ነው።

3. ክብደቱ። መቶ ሊትር ውኃ ብቻውን አንድ ኩንታል ይመዝናል። ቡፌ ላይ አያስቀምጡት፤ ጠንካራ የብረት እግር ያሠሩለት።

4. ውኃና መብራት። በየሳምንቱ ሩቡን፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ገደማ ይቀይሩ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በሰፊ ሳፋ ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ይደር። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣልን ለእኛ ትልቅ ገንዳ የሚከብድ ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ፈረቃው ቢዘገይ ወይም መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ቢቆም ሰፊ ውኃ ጊዜ ይሰጣል፤ የአምስት ሊትር ዕቃ ግን ምሕረት የለውም።

5. ጊዜው። አሞኒያን የሚለውጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ገንዳው ይቅደም፣ ዓሣዋ ትከተል።

እኛስ ምን አደረግን?

ባለቤቴና ልጄ ሜትር ይዘው ሳሎናችንን ለኩ። ከወንበሩ አጠገብ 90 ሴንቲ ሜትር ቦታ ተገኘ። ገንዘቡ ግን አልነበረንም። “ወይ እንቆጥባለን፣ ወይ ይቀራል” አልናት። አኮረፈች፤ በኋላ ግን ከልደቷ ስጦታ ሳንቲም ማስቀመጥ ጀመረች። ከአራት ወር በኋላ መስታወት ቤት አሠርተን፣ ገንዳውን ካዘጋጀን በኋላ አንዲት ድርብ ጅራት ብቻ ገዛን። ይኸው ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የሳምንቱን ጀሪካን የምታስታውሰን ልጃችን ናት።

ውድ አንባቢ፣ ቦታው ወይም አቅሙ ከሌለ ለልጅዎ “አሁን አይሆንም” ማለት ክፋት አይደለም። እኔ ያን ቃል በጊዜው ብናገር ኖሮ ልጄ አንዲት ትንሽ ነፍስ በእጇ ስትጠፋ ባላየች ነበር። ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሜትርዎን ያንሡ።