እንቁላሉን ማን ተቀበለ?

ሌባው ሊሰቀል ሲል እናቱን አስጠርቶ «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ ኖሮ» አላት የሚለውን ተረት የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ቤት የለም። የሚተረከው ስለ ልጅ አቀጣጥ በተነሳ ቁጥር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ለዱላ ጥብቅና ለመቆም ይጠቀሳል። ከመጨረሻው ይልቅ መጀመሪያውን ልብ ብለን ብናየው ግን ሌላ ነገር ይታየናል። ልጁ የሰረቀውን እንቁላል ወደ ቤቱ ይዞ ሲገባ እናቱ ዝም ብላ ተቀበለችው። በዚያ ቤት ስርቆት ነውር መሆኑ ሳይነገር ቀርቷል ብዬ አላምንም፤ በሀገራችን «አትስረቅ» ያልተባለ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ነገር ግን ያመጣው እንቁላል ተቀባይ ማግኘቱ ከተባለው ሁሉ በላይ አስተማረው። የልጅ ጠባይ የሚታነጸው አዋቂዎች በየዕለቱ በሚቀበሉትና በማይቀበሉት ነገር፣ ራሳቸውም ሲያደርጉት በሚታየው ነገር ነው። ምክርም ቅጣትም ይህን አይተኩትም።

ምክር ብቻውን ሩቅ እንደማይወስድ ከታወቀ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሂዩ ሃርትስሆርን እና ማርክ ሜይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ልጆችን ለማጭበርበር፣ ለመዋሸትና ለመስረቅ በሚያመቹ ሁኔታዎች ውስጥ አስገብተው ተከታተሉ። ለምሳሌ ልጆቹን ይፈትኑና ወረቀቱን ሰብስበው የእያንዳንዱን መልስ በድብቅ ይገለብጣሉ። ከዚያ ወረቀቱን ከትክክለኛው መልስ ጋር መልሰው ይሰጡና «ራሳችሁ አርሙ» ይሏቸዋል። እርሳሱን አንስቶ መልሱን የቀየረው ማን እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ትክክሉ የቱ እንደሆነ አሳምረው የሚመልሱት ልጆች በተግባር ከሌሎቹ እምብዛም የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። በፈተና የታመነው ልጅም በጨዋታ ሲያጭበረብር ተገኘ። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች በሐቀኝነታቸውም ባለመታመናቸውም እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ ነበር። ልጁን ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

በእኛ ሀገር ግብረ ገብ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ወሰደው፤ ቆይቶ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። መመለሱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ሥነ ምግባርን እንደ ትምህርት እየተማረ ባደገው ትውልድ ዘመን ኩረጃ ምን ያህል እንደተስፋፋ ሁላችንም አይተናል። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ በመለቀቁ ተሰርዞ ሌላ ፈተና ተዘጋጀ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ ወደየዩኒቨርሲቲው ተጓጉዘው፣ ስልክ ተከልክለው፣ ከሚያውቋቸው ፈታኞች ርቀው ተፈተኑ። ከ896 ሺህ በላይ ከሚሆኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት ሙሉ በሙሉ በኩረጃ ማሳበብ አግባብ አይደለም፤ የኮሮና ወረርሽኝ፣ የሰሜኑ ጦርነትና ለዓመታት የተጠራቀመው የትምህርት ጥራት ችግር ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ያን ሁሉ ልጅ ከቤቱ አርቆ መፈተን ያስፈለገው በየትምህርት ቤቱ ባለው አዋቂ መተማመን ስላልተቻለ ነው። የፈተናውን ወረቀት ከተቀመጠበት ያወጣው፣ መልሱን ሠርቶ በቴሌግራም የላከው፣ ሲኮርጁ አይቶ እንዳላየ ያለፈው ልጅ አልነበረም።

ነገሩ የሚጀምረው ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ካርዱን ይዞ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። ምን እንዳወቀ የሚጠይቀው የለም። አንደኛ ከወጣ ይሞገሳል፣ ለጎረቤት ይነገርለታል፤ አሥራ አምስተኛ ከወጣ ፊት ይነሳል። የቤት ሥራውን ታላቅ እህቱ ሠርታለት አሥር ከአሥር ቢያመጣ አሥሩ ይመሰገናል። በክፍል ውስጥ «አላስኮርጅም» ያለው ልጅ በጓደኞቹ ዘንድ ምቀኛ ይባላል፤ አጤሬራ ይዞ የገባው ግን እንደ ብልጥ ይቆጠራል። ቤት ውስጥ ስልክ ይጮሃል፤ አባት ከሶፋው ሳይነሳ «አባዬ የለም በለው» ይላል። ልጁም የተባለውን ይላል። በዚያች ቅጽበት ውሸት እንደ ትንሽ ሥራ ታዞ ተከናወነ፤ ልጁም ስለታዘዘ ተመሰገነ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንዲያጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች አሻንጉሊት እንዳያዩ ተነግሯቸው ብቻቸውን ሲቀሩ፣ አዋቂው ያልዋሻቸው ልጆች 60 በመቶ ያህሉ አዩ፤ ካዩትም 60 በመቶ ገደማው «አላየሁም» አሉ። አስቀድሞ «በሚቀጥለው ክፍል ከረሜላ አለ» ብሎ አዋቂው የዋሻቸው ግን 80 በመቶ ገደማ አዩ፤ ካዩትም 90 በመቶ ያህሉ ዋሹ። ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣችው አንዲት ተራ የከረሜላ ውሸት ናት።

እዚህ ላይ «ታዲያ ያለ ዱላ ልጅ ይታረማል ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ብዙዎች ተገርፈው አድገው ቁም ነገር ላይ ደርሰዋል። ነገር ግን ዱላ በትክክል የሚያስተምረውን ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት መርምረዋል። በአንድ የምዕራብ አፍሪካ ሀገር የሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶችን አነጻጸሩ፤ አንደኛው ሕፃናቱን በዱላ፣ በጥፊና በቁንጥጫ ይቀጣል፤ ሌላኛው በተግሣጽ ይመልሳል። የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች «አሻንጉሊቱን ዞራችሁ እንዳታዩ» ሲባሉ በሁለቱም ትምህርት ቤት አብዛኞቹ አዩ። ልዩነቱ የመጣው ሲጠየቁ ነው። የሚገረፉት ልጆች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ዋሹ፤ ተከታይ ጥያቄ ሲቀርብላቸውም ውሸታቸውን ከሌሎቹ በተሻለ ብልሃት ሸፈኑ። ዱላ ጥፋቱን አልቀነሰውም፤ መደበቂያውን አሠለጠነ። ይህ ማለት ልጅን አትቆጡ ማለት አይደለም። የተረቱ እናት እንቁላሉን አልቀበልም ብላ፣ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ባለቤቱ ቤት ብትወስደውና ይቅርታ ብታስጠይቀው ኖሮ ከግርፋት የከበደ ቅጣት ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ልጅን ሐቀኛ አድርጎ ማሳደግ ለጅብ መስጠት ነው ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ሐቀኛ ሰው የሚጎዳባቸው ቀናት አሉ። ሙሉ ዕድሜን ስናይ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ አንድ ሺህ ገደማ ልጆች ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ክትትል ተደርጎላቸዋል። በልጅነታቸው ራሳቸውን መግዛት የቻሉት፣ 32 ዓመት ሲሞላቸው በጤናም፣ በገንዘብ አያያዝም የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ በወንጀል የተፈረደባቸውም ያነሱ ነበሩ። የቤተሰባቸው ኑሮና የአእምሮ ብቃታቸው ግምት ውስጥ ከገባ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ራስን መግዛትና ሐቀኝነት አንድ ባይሆኑም ጎረቤታሞች ናቸው። ከዚህም ሌላ ራስን የመግዛት ችሎታቸው ከልጅነት ወደ ጉልምስና የተሻሻለላቸው ሰዎች ሕይወታቸውም ተሻሽሏል፤ «ጠባይ አብሮ የሚወለድ ነው፣ አይለወጥም» ለሚሉት ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ድህነትን ግን አልፎ መሄድ አይቻልም። ዛሬ ካልበላ ነገ ስለመኖሩ እርግጠኛ ያልሆነን ልጅ «ታገሥ» ማለት ቀላል አይደለም። በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ጥናት፣ የተሳተፉት ልጆች 28 ብቻ ቢሆኑም፣ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ተመራማሪዋ ለገሚሶቹ ልጆች የተሻለ የመሳያ ቀለም አመጣለሁ ብላ አመጣች፤ ለሌሎቹ ቃሏን አጠፈች። ከዚያ «ይህን ጣፋጭ ሳትበሉ ከጠበቃችሁኝ ሁለት ታገኛላችሁ» ሲባሉ ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ የተታለሉት 3 ደቂቃ ብቻ። ስለዚህ ድሃ ወላጅ ልጁን ከብዙ ነገር ሊጠብቀው ባይችልም፣ ቅዳሜ እገዛልሃለሁ ያለውን ደብተር ቅዳሜ መግዛት፣ ካልሞላለትም ሐሙስ ላይ «አልሞላልኝም» ብሎ መናገር ይችላል። ልጁ ከሱቅ ሲመለስ መልሱ አሥር ብር በልጦ ከተገኘ «ዕድልህ ነው» ከማለት፣ አብሮት ሄዶ ለባለሱቁ ማስመለስ ይቻላል። ስብከተ ወንጌሉም መድረሳውም የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜውም የሚያስተምሩት ቃል ሥር የሚሰደው እንዲህ ባለው ቤት ነው።

ለወላጆች አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ክፍያና ስለ ደንብ ልብስ ከተነጋገራችሁ በኋላ እጃችሁን አውጥታችሁ ይህን ጠይቁ፦ ልጃችንን የሚፈትነው መምህር ተማሪ ሲኮርጅ ቢያይ ምን ያደርጋል? እኛስ ልጃችን ኮርጆ ዜሮ ቢያገኝ፣ መምህሩን ለመውቀስ ነው ወይስ ለማመስገን የምንመጣው?