ቁርጡባ፣ ገርናጣ ወይስ ኢሽቢሊያ? ልጆቻችንን ይዘን ወደ አንደሉስ ስንጓዝ



ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን በአውሮፓ ከሚኖር አንድ ቤተሰብ የደረሰን ጥያቄ ነው። አባትየው ሦስት ልጆች እንዳሏቸውና ለዕረፍት ብለው ያጠራቀሟት ጥቂት ገንዘብ እንዳለች ይገልጻሉ። ወደ ደቡብ ስፔን ወርደው ለልጆቻቸው አንደሉስን ሊያሳዩ ነይተዋል። ያላቸው ጊዜ ግን አምስት ቀን ነው። ታዲያ ቁርጡባን እንምረጥ፣ ገርናጣን ወይስ ኢሽቢሊያን? ይሉናል። ነገሩ ሲያዩት የመዝናኛ ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ ያሰፈሯት አንዲት ነገር አለች። ትልቁ ልጃቸው ስለ አንደሉስ በትምህርት ቤት ሰምቶ ሲመጣ «ያ ሁሉ የእኛ ከነበረ ለምን ጠፋ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም መልስ አጡ። እኛም ይህችን ስናነብ ጉዳዩ ሆቴል የመምረጥ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን።

አስቀድመን ስሞቹን እናጥራ። በኪታቦቻችን ቁርጡባ፣ ገርናጣና ኢሽቢሊያ እየተባሉ የሚጠሩት ከተሞች ዛሬ በካርታ ላይ የሚገኙት ኮርዶባ፣ ግራናዳና ሴቪያ ተብለው ነው። ሙስሊሞች በጣሪቅ ኢብኑ ዚያድ መሪነት ባሕሩን የተሻገሩት በ92 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ711) ሲሆን፣ የመጨረሻዋ ገርናጣ የተረከበችው በ897 ዓመተ ሂጅራ (በ1492) ነው። ብዙዎቻችን «ስምንት መቶ ዓመት» ስንል ሦስቱም ከተሞች እኩል የቆዩ ይመስለናል፤ እንደዚያ አይደለም። ቁርጡባ በ1236፣ ኢሽቢሊያ በ1248 ከሙስሊሞች እጅ ወጥተዋል። ገርናጣ ከእነርሱ በኋላ ብቻዋን ሁለት መቶ አርባ ዓመት ያህል ቆየች። ምርጫችሁ በዚህ ልዩነት ላይ ይመሠረታል።

ኢሽቢሊያን በአጭሩ እንለፋት። ይህን ስንል ከተማዋን ለማሳነስ አይደለም፤ ሰፊና ያማረች ናት። ነገር ግን ታላቁ መስጂዷ ፈርሶ በቦታው ካቴድራል ተሠርቶበታል። የቀሩት የብርቱካን ዛፎች ያሉበት ግቢና ሙወሒዶች ከ1184 እስከ 1198 ያሠሩት ሚናራ ናቸው። ሚናራው ዛሬ ሒራልዳ ይባላል፤ አናቱ ላይም የደወል ቤት ተጨምሮበታል። ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃ ሳይሆን በተዳፋት መንገድ ነው፤ በእንስሳ ተቀምጦ መውጣት እንዲቻል ታስቦ እንደተሠራ ይነገራል። ልጆች ይህን ይወዱታል። አልካሳር የተባለውን ቤተ መንግሥት ስትጎበኙ ደግሞ ግድግዳው በዐረብኛ ጽሑፍ የተሞላ ቢሆንም ዋናውን ክፍል በ1364 ያሠራው ፔድሮ የተባለ ክርስቲያን ንጉሥ መሆኑን እወቁ። የሙስሊሞቹን ጥበብ ወዶ በዚያው ስልት አሠራው። ዐረብኛ የተጻፈበት ሁሉ የሙስሊም ሕንጻ አይደለም።

ወደ ቁርጡባ እንምጣ። ዐባሲዮች የኡመያን ቤተሰብ ሲፈጁ ከሶርያ ያመለጠው ወጣት ዐብዱረሕማን አድ-ዳኺል በ756 ቁርጡባ ላይ መንግሥት አቋቋመ፤ ታላቁን መስጂድም በ169 ዓመተ ሂጅራ (በ785) አስጀመረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሦስት ጊዜ አስፍተውታል። ዛሬ ከስምንት መቶ ሃምሳ የሚበልጡ ዓምዶች ቆመውበታል። የመጀመሪያዎቹ ዓምዶች ከሮማውያንና ከሌሎች አሮጌ ሕንጻዎች የተሰበሰቡ ስለነበሩ ቁመታቸው አጭር ሆነ። ግንበኞቹ ታዲያ ምን አደረጉ? በቅስቱ ላይ ሌላ ቅስት ደርበው ጣሪያውን ከፍ አደረጉት። ያ በነጭና በቀይ የተዥጎረጎረ ድርብ ቅስት የተወለደው ከችግር ነው ማለት ነው። ሚሕራቡን አሁን ባለው መልክ ያሠራው ኸሊፋ አል-ሐከም ሁለተኛው ሲሆን፣ በወርቅና በመስታወት ጠጠር የተለበጠ ነው። የሥራው ባለሙያ የመጣው ከሩም ንጉሥ ዘንድ ነበር።

ነገር ግን ወላጆች ሆይ፤ ይህን ከቤት ሳትወጡ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። መስጂዱ ከ1236 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ1523 ጀምሮም መሐሉን ከፍተው ካቴድራል ገንብተውበታል። ልጁ በዓምዶቹ መካከል ሲሄድ ቆይቶ በድንገት መሠዊያና መስቀል ፊት ይደርሳል። ሙስሊም እዚያ ውስጥ መስገድ አይፈቀድለትም። በ2010 ከኦስትሪያ የመጡ ሙስሊም ወጣቶች ለመስገድ ሞክረው ከጥበቃዎች ጋር ግጭት ተፈጥሮ ፖሊስ ሁለቱን ይዟል። አንዳንድ ሰዎች ጥግ ፈልጎ ሁለት ረከዓ መስረቅን እንደ ጀግንነት ያወሩታል፤ እኛ አንመክርም። ቤተሰብ ይዞ በሰው አገር ሕግ መጣስ፣ ያውም ልጆች እያዩ፣ ምን ያስተምራል? ኮሎን በሚባለው የአትክልት ስፍራ ውስጥ ትንሽ መስጂድ አለች፤ የምትከፈትበትን ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ። ካልሆነም ሙሳፊር ናችሁና የቀስርና የጀምዕን ጉዳይ ከዑስታዛችሁ ጠይቃችሁ በማረፊያችሁ ስገዱ።

የሚሕራቡን ፊት ቆሞ ማየት ብቻ ከሆነ ጉዞው ያሳዝናል። ለቁርጡባ ሕይወት የሚሰጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በቤታችን መደርደሪያ ላይ ያለው ተፍሲር ባለቤት ኢማም አል-ቁርጡቢ (ረሒመሁላህ) የዚህች ከተማ ልጅ ናቸው። በተፍሲራቸው ውስጥ የራሳቸውን ሐዘን ጽፈዋል። በ627 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ሦስተኛ ቀን ማለዳ ጠላት በድንገት ከተማዋን ወረረ፤ ከተገደሉት መካከል አባታቸው ነበሩ። ወጣቱ ልጅ ከአንዱ ዓሊም ወደ ሌላው እየሄደ አባቴ ይታጠባል ወይስ እንደ ሸሂድ ሳይታጠብ ይቀበራል? ብሎ ጠየቀ። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ግብጽ ገብተው በ671 ዓመተ ሂጅራ እዚያው ሞቱ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከስምንት መቶ ዓምዶች ይልቅ ይህ ታሪክ ይገባዋል። ወላጆቹም ቢሆኑ ኪታቡን ሲገልጡ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አያዩትም።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። ወሎ ላይ ደረሳ ሆነው የቀሩ አባቶቻችን ለነሕው ትምህርት የሸመደዱት አልፊያ ባለቤት ኢብኑ ማሊክም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። የተወለዱት ከገርናጣ በስተሰሜን ባለችው ጀያን፣ የዛሬዋ ኻኤን ውስጥ ሲሆን፣ የሞቱት ደማስቆ ነው። አያታቸው አልፊያን በቃሉ የሚወጣ ልጅ ካለ፣ አንደሉስ ለእርሱ ባዕድ አገር አይደለችም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ፤ ለምን ጠፋ? ከቁርጡባ በስተምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ፍርስራሽ አለች፤ መዲነቱ ዘህራእ ትባላለች። ኸሊፋ ዐብዱረሕማን ሦስተኛው በ936 ያስጀመሯት የቤተ መንግሥት ከተማ ናት። ከመቶ ዓመት በታች ኖራ በ1010 ወደመች። ማን አወደማት? የሰሜን ነገሥታት አይደሉም። ሙስሊሞች እርስ በርሳቸው ለሥልጣን ሲዋጉ በተነሳው ፊትና ተዘርፋ ተቃጠለች። በ1031 ኸሊፋነቱ ቀርቶ አገሩ በትናንሽ ነገሥታት ተከፋፈለ። ታላቁ መስጂድ ከእጅ የወጣው ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። አባት ልጁን ይዞ በዚያ ፍርስራሽ መሐል ቢቆም፣ መልሱን ራሱ ልጁ ሊደርስበት ይችላል። ቦታዋ ጥሩ ሙዚየም አላት፤ በ2018 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግባለች። ጥላ ግን የላትምና ኮፍያና ውኃ ያዙ።

ገርናጣ የመልሱ ሁለተኛ ክፍል ናት። ሰዎች ስለ አል-ሐምራእ ሲያወሩ የእስልምና የኃይል ዘመን ማማ አድርገው ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። መሥራቹ ኢብኑል አሕመር በ1246 ጀያንን ለካስቲያ ንጉሥ ፈርናንዶ አስረክቦ ግብር ሊከፍል ተስማማ፤ በኋላም ኢሽቢሊያ ስትከበብ ፈረሰኞቹን ከከባቢዎቹ ጎን አሰለፈ። የዚህ ሰው ዘሮች ናቸው ግድግዳውን «ወላ ጋሊበ ኢለሏህ» በሚል ጽሑፍ የሞሉት፤ ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም ማለት ነው። ጽሑፉ እጅግ ያምራል። በአንበሶቹ አደባባይ ላይ ውኃው በእብነ በረድ መካከል ሲንሾካሾክ ሰው ንግግር ያጣል። እኛም አጥተናል። ነገር ግን ውበቱ የተሠራው ምድሪቱ እየጠበበች በነበረችበት ዘመን መሆኑን ለልጆቻችሁ አትደብቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውም እንዲሁ። በ1491 በተፈረመው ውል ሙስሊሞቹ ሃይማኖታቸውን፣ መስጂዶቻቸውንና ዳኞቻቸውን ይዘው እንዲኖሩ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ውሉ ፈረሰ። የዐረብኛ መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ፤ ሕዝቡ በግዳጅ ተጠመቀ፤ የእነዚያ የተጠመቁት ዘሮች ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ ከአገሩ ተባረሩ። ፊትናው የእኛ፣ ክህደቱ የእነርሱ ነበር ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ይሁንና ገርናጣ ውስጥ ሌላ ነገርም አለ። ከአል-ሐምራእ ፊት ለፊት አልባይሲን የተባለ አሮጌ ሰፈር ኮረብታው ላይ ተደርድሯል። በዚያ ጫፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ ለፎቶ ከሚሰበሰብበት አደባባይ አጠገብ፣ በ2003 የተከፈተ መስጂድ አለ። በከተማዋ ከ1492 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራ ነው። አዛኑ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በሰው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዉዱእ አድርጋችሁ ትገባላችሁ፤ ትሰግዳላችሁ፤ ስትወጡ በአትክልቱ ቦታ ቆማችሁ አል-ሐምራእን ማዶ ታያላችሁ። ከምእመናኑ መካከል እዚያው ተወልደው የሰለሙ ስፔናውያን አሉ። ልጁ ከአንዱ ጎን ሰፍ ላይ ቢቆም፣ የሰማው «ጠፋ» የሚለው ቃል ሙሉ እንዳልሆነ ያያል።

ስለዚህ ለጠያቂያችን ቤተሰብ ምክራችን ይህ ነው። ኢሽቢሊያን ለሌላ ጊዜ ተዉት፤ አውሮፕላናችሁ እዚያ ካረፈ ግማሽ ቀን ይበቃታል። መጀመሪያ ቁርጡባ ግቡ፤ ሁለት ሌሊት እደሩ። አንዱን ማለዳ ለመስጂዱ፣ ሌላውን ለዘህራእ አድርጉት። ቀሪውን ጊዜ ለገርናጣ ስጡት፤ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ልጆች ጉዞውን የሚያስታውሱት በመጨረሻው ነውና፣ መስገድ በተከለከሉበት ሳይሆን በሰገዱበት ቦታ ይጨርሱት። አቅም ወይም ጊዜ ጠቦ አንድ ከተማ ብቻ ከሆነ ደግሞ ገርናጣ ትሁን። ቁርጡባ በዕውቀት እንደምትበልጥ እናውቃለን፤ ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ግን ጀመዓ ያለበት ይቀድማል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴን ብትሸሹ ይሻላል። በቁርጡባና በኢሽቢሊያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ገርናጣ ወደ 700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። በሰኔና በሐምሌ መግሪብ የሚገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ዒሻእን የሚጠብቁ ሕፃናት እንቅልፍ ይጥላቸዋል። የጥቅምቷ አጭር የትምህርት ቤት ዕረፍት ከሁሉም ትሻላለች።

ምግብ ላይ የአሳማው ነገር ብቻ አይደለም ጥንቃቄው። የቁርጡባ ሰዎች ሳልሞሬኾ የሚሉት ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ላዩ ላይ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይነሰነስበታል፤ ያለዚያ እንዲያቀርቡላችሁ ንገሯቸው። ብስኩትና ኬክ ስትገዙም «ማንቴካ» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ የአሳማ ስብ ነው፤ ልጆች የሚወዷቸው ብዙ ጣፋጮች በእርሱ ይጋገራሉ። ገርናጣ ውስጥ ከአልባይሲን በታች ባሉት ጠባብ መንገዶች ሞሮኳውያን የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ታገኛላችሁ፤ ሐላል መሆኑን ግን ጠይቃችሁ ተቀመጡ።

በመጨረሻ የትኬቱ ጉዳይ። የአል-ሐምራእ መግቢያ በቀን የተወሰነ ነው፤ ከሳምንታት በፊት ያልቃል። እኛ ይህን ሳናውቅ ሄደን አጥሩን ከውጭ ዞረን የተመለስንበት ጊዜ አለ። ትኬቱ በየስማችሁና በፓስፖርት ቁጥራችሁ ይወጣል፤ ያንኑ ፓስፖርት ይዛችሁ መገኘት አለባችሁ። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይከፍሉም ትኬት ያስፈልጋቸዋል። የውስጠኞቹ ቤተ መንግሥቶች መግቢያ ሰዓት ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ያቺ ሰዓት ካለፈች አያስገቧችሁም። ስለዚህ ወንድማችን፣ አውሮፕላኑን ከመቁረጥዎ በፊት መጀመሪያ የአል-ሐምራእን ቀን ይያዙ፤ ሌላውን ሁሉ በእርሱ ዙሪያ ያስተካክሉ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ደግሞ የሸንገን ቪዛ ጊዜ እንደሚወስድ አስባችሁ ቀድማችሁ ጀምሩ።