የማይድነውን ሕመም ስለ መርዳት

ሕመሙ ካልዳነ ሕክምናው ከንቱ ነው ብሎ ማሰብ በብዙ ሰው ዘንድ የቈየ ልማድ ነው። ይህ አሳብ ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት፤ ከጡት ነቀርሳ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሽፋን የሚደርሰውን ሕመም ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በስስ ሽፋን የተጠቀለሉ ሲሆኑ፤ በሽፋኑ መካከል ጥሩ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይመላለሳል። ነቀርሳው ወደዚህ ፈሳሽ በገባ ጊዜ በአንድ ስፍራ ተወስኖ አይቀመጥምና ቈርጦ ማውጣት አይቻልም። ምልክቱም የማያቋርጥ ራስ ምታት፤ ማስመለስ፤ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየትና የእግር መዛል ነው። ሐኪሞች የሚያረጋግጡትም በኤም አር አይ መሣሪያ በማየትና ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ ቀድተው በመመርመር ነው።

በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት አብዛኛው ወደ አንጎል እንዳያልፍ በተፈጥሮ የተሠራ ቅጥር አለ። ስለዚህ አዩብ ኦማያ የተባለው ፓኪስታናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ከራስ ቆዳ ሥር ተቀምጣ በቀጭን ቧንቧ ወደ አንጎል ፈሳሽ የምታደርስ ትንሽ ማጠራቀሚያ ሠራ፤ በእርሷም ሜቶትሬክሴትን የመሰለ መድኃኒት በቀጥታ ይሰጣል። የጨረር ሕክምናም ሥቃይን ያስታግሣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የወጣ ጥናትም በፕሮቶን ጨረር መላውን አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ማከም፤ በተለመደው ጨረር የታመመውን ስፍራ ብቻ ከማከም ይልቅ ዕድሜን እንዳስረዘመ አሳየ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሕመሙ አይድንም። ነገር ግን ያልታከመችው ሴት ዕድሜ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ሲቈጠር፤ የታከመችው በወራት ይቈጠራል፤ ጥቂቶችም ከዓመት ያልፋሉ። ይህም ለሌላው ሰው ጥቂት ቢመስል፤ ለእናት ልጆቿን ለመምከር፤ ኑዛዜዋን ለማስጻፍ፤ ንስሐ ገብታ ለመቍረብ የሚበቃ ዘመን ነው።

በአገራችንም ሴቶችን ከሚይዘው የነቀርሳ ዓይነት ሁሉ የሚበዛው የጡት ነቀርሳ ነው። ስለዚህ በሥልጣን ላይ ያሉ ሹማምንት፤ የጨረር መሣሪያና እንደ ሞርፊን ያለው የሥቃይ ማስታገሻ ከሐኪም ቤት እንዳይጓደል መትጋት ይገባቸዋል። ካህናት አባቶችም ጡቷን ታማ የነበረች ሴት ራሷን በታመመች ጊዜ ጠበሉን ሳያስቀሩባት ወደ ሐኪም ፈጥና እንድትሄድ ቢመክሯት፤ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን በምዕራፍ 38 ከሚያስተምረው ከመጽሐፈ ሲራክ ጋራ ይስማማሉ። የማይድን ሁሉ የማይረዳ አይደለምና።